በ‹ር› እና በ‹ራ› መካከል

በእኛ ቤት አውሮፕላን አይባልም፤ ተያራ ነው የሚባለው። ገና ተማሪ ሳለሁ «አውሮፕላን» ብዬ ከትምህርት ቤት የመጣሁ ቀን አባ «እሱ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ቃሉን የወረሱት ከአያታቸው ነው፤ አያታቸው ደግሞ ሐጅ አድርገው ከተመለሱ ሰዎች። ከዐረብኛ የመጣ ስለሆነ አባ ዘንድ ከሌላው ቃል ሁሉ አንድ እርከን ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የተማረ ሰው ሲሰማን «ጠያራ ነው የሚባለው» ብሎ ያርመናል። ማን ሰምቶት! ተያራ ስንል አድገናል፣ ተያራ ስንል እንሞታለን።

እኔ መርሳ ላይ አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ስለ ውሃ የተጻፈ ምንባብ ይደርሰኝና፣ ባህር አይታ የማታውቅ አስተማሪ ባህር አይተው ለማያውቁ ልጆች ስለ ባህር ታስረዳለች። ሞገድ ይህ ነው፣ ማዕበል ይህ ነው፣ ወጀብ ከነፋስ ጋር የሚመጣው ነው፣ አዙሪት እየሾረ ወደ ታች የሚያሰምጠው ነው እላለሁ። ደራሽ ላይ ስደርስ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እታች ፀሐይ ወጥቶ ሳለ እላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ ድንገት ሲሞላ ያላየ የወረዳችን የሐብሩ ልጅ የለም።

እነዚህ ሁሉ ግን ድምፅ አላቸው፤ መጣሁ ብለው ነው የሚመጡት። ላዩ ጸጥ ብሎ ከሥር ሰውን ከዳር ወደ መሃል ለሚጎትት ውሃ ስም አላገኘሁለትም። ያለን አነጋገር ብቻ ነው። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» እንላለን። እሱንም ቢሆን ለውሃ አንጠቀምበትም፤ ለደላላ እንጠቀምበታለን፣ ለባል እንጠቀምበታለን፣ አንዳንዴም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ለሹም እንጠቀምበታለን።

የዐረብ አገር መንገደኞች ግን ስሙን ይዘውልን መጥተዋል። ተያር ይሉታል። በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ የመን የተሻገሩ የአካባቢያችን ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ተመልሰው ሲመጡ ቃሉን መናኸሪያ ለመናኸሪያ ነዙት፤ አሁን ጎረምሳው ላሻው ነገር ሁሉ ያውለዋል። አፈሳ ሲመጣ «ተያር ነው፣ ተበተኑ!» ይባባላሉ። ጓደኛቸው የማትሆነውን ልጅ ሲከጅል «ተዋት፣ ተያር ናት» ይሉታል። ካርታ ሲጫወት የተበላው «ተያር መታኝ» ይላል። እኛ፣ የቤት ሰዎቹ፣ ይህን ሁሉ አንሰማም ነበር። ልጆቻችን የሚሞቱበትን ነገር ስም እንኳ የምንማረው ከሞቱ በኋላ ነው።

በተያር እና በተያራ መካከል ያለው ልዩነት የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፤ ‹ር› ወይስ ‹ራ›። ታናሽ ወንድሜ በዚያች ልዩነት ውስጥ ከክረምት እስከ ታኅሣሥ በሕይወት ኖረ።

እማ የወለደችው ወንድ እሱን ብቻ ነበር። ወንዙ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የምናለማባት ጠባብ መሬት አለችን፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ሥራ ጠፋና እሷው ላይ ቀረ። ሳቂታ ነው። ወንዝ ሲሞላ ደስ የሚለው ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። ልብሱን ለእኔ ወርውሮ ይገባና ማዶ ብቅ ይላል፤ እማ ከዳር ሆና «ያ አላህ! ይህ ልጅ በቁሜ ሊገድለኝ ነው!» እያለች ትጮኻለች። ከዚያም ተመልሶ በረጠበ እጁ ያቅፋታል። እሷም እየተራገመች ትታቀፋለች።

በዚያ ክረምት ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ መጣ። ቆቦ ደረሰ ተባለ፣ ከወልድያ ሰው መሸሽ ጀመረ ተባለ። ጎረምሳ ያለበት ቤት ሁሉ እንቅልፍ አጣ። ወንድሜ የሚቀርበው እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከሲሪንቃ የሆነ አንድ ልጅ ነበር፤ አብረው የተማሩ ናቸው። እሱ ነው «ባህሩን እንሻገር» ያለው። አባ እምቢ አሉ። «ከድጡ ወደ ማጡ ነው» አሉ፣ «እዚሁ አብረን የመጣውን እንቀበል» አሉ። የፈቀደችው እማ ናት።

«ጦርነቱ ስሙን እየጠራ እየመጣ ነው» አለች። «ባህሩ ገና አያውቀውም። ይሂድልኝ።»

በእሷ ቃል ሄደ። ይህን የምጽፈው እሷን ለመክሰስ አይደለም፤ የሚከሰስ ሞልቷል። የምጽፈው እሷ ራሷ የልጇን መትረፍ እንደ ራሷ ሥራ ቆጥራው ስለነበር ነው። በሰላም ከደረሰ ከጥይት ያስጣለችው እሷ ናት። ካልደረሰ የላከችው እሷ ናት።

ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ። «ሰሞኑን እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጉልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ያኔ ኔትወርኩ እንደ ወባ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል። ከወልድያ ወዲያ መድፍ መሰማት ጀምሯል። እኔና እማ ጓዳ ውስጥ ማሽላ በማዳበሪያ እየሞላን ነበር፤ ጉድጓድ ቆፍረን ልንቀብረው ነው። የአባ ስልክ ጮኸ። አባ እንደ ልማዳቸው የተሻለ ይሰማል ብለው ጓሮ ወጥተው ድንጋይ ላይ ቆሙ። «ሀሎ! ሀሎ! ጮክ በል እንጂ! ይሰማኛል፣ ጮክ በል!» ሲሉ እንሰማለን። ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። ገብተው በሩ ላይ ሲቆሙ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ተያራ ወሰደው!» አሉ።

እማ የያዘችው ማዳበሪያ ከእጇ አምልጦ ማሽላው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። «አንቱ፣ ምን አሉ?»

«የሲሪንቃው ልጅ ነው የደወለው። ተያራ ወሰደው አለኝ። ይዘውታል ማለት ነው! ይዘው በተያራ ጭነው ወደ አገሩ መልሰውታል!»

የኛን አገር ለማያውቅ ሰው ይህ ትርጉም እንግዳ ይሆንበታል። ለእኛ ግን ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። ከዐረብ አገር ተይዞ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ በተያራ ተጭኖ ያልተመለሰ ሰው የሌለበት መንደር ሐብሩ ውስጥ የለም። በእኛ አነጋገር ተያራ ሰው ወሰደ ማለት ወደ እናቱ መለሰ ማለት ነው። የመን ይያዝ ሳዑዲ፣ እንዴት ይህን ያህል ፈጠነ፣ ማን ይጠይቃል?

«ሌላስ ምን አለዎት? አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» አለች እማ።

«‹አባ፣ አብሽሩ› አለኝ። ‹የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሶብር አድርጉ› አለኝ። ‹ዱዓ አድርጉለት› አለኝ። ከዚያ ተቋረጠ።»

«ሶብርማ አለን!» አለች። «መንገዱ ቢቀርበት ይቅርበት። ልጄ ይምጣልኝ እንጂ ሶብርማ አለን!»

እነዚያን ቃላት ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳገላበጥኳቸው! ወሎ ውስጥ አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው፤ ለታመመ ይባላል፣ ላዘነ ይባላል፣ መንገድ ላደከመው ይባላል። አባ በልጅነታቸው በተማሩት የዐረብኛ ኪታብ ግን የምሥራች ተቀበል ማለት ነው። አባ ኪታቡን መረጡ። ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን፣ ለከሰረው መንገድ ሰጡት። ዱዓውን ለጉዞው ሰጡት። ልጁም ቢሆን ሞተ አላለም፣ ሰጠመ አላለም። እንዴት ብሎ ይበል? በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ ተሂዶ፣ እናት ብቻዋን እንዳትሆን ተደርጎ ነው የሚነገረው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ያንን ቃል ከአፉ ማውጣት ከበደውና እነሱ በጀልባው ላይ የሚሉትን አለ። ጨዋነቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ባለጌ ቢሆን ኖሮ፣ ፊት ለፊት «ልጃችሁ ሞቷል» ብሎ ቢዘጋብን ኖሮ፣ ሐዘናችንን በሰዓቱ አዝነን ነበር።

እማ ለምስጋና ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ወረደች። የቀረችንን አንዲት ፍየል አሳርዳ ሰደቃ አወጣች። መድፉ እየተሰማ ጎረቤት ተሰብስቦ በላና እጁን ዘርግቶ «በሰላም ያግባልሽ» አለ። አሚን አልን። ከእኛ ቤት ቀጥሎ ሱቅ ያላት ክርስቲያን ጎረቤታችን እንኳ በእነሱ ሥርዓት የእኛን ሥጋ ባትበላም በሩ ላይ ቆማ «እልልል» ብላ አቀለጠችው። በዚያው ሰሞን ታጣቂዎቹ ከተማውን ያዙ፤ ስልኩም ጭራሹን ሞተ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ኑሮ ያየው ያውቀዋል። መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ ወፍጮ ቆሟል። ማሽላ በድንጋይ እየፈጨን እጃችን ቆሰለ። የስኳር በሽታ ያለባቸው አንድ ጎረቤታችን መድኃኒት አጥተው እያየናቸው ሞቱ። ትምህርት ቤቱ ወንበሩ ለማገዶ ተፈልጦ ባዶውን ቀረ፤ እኔም ያስተማርኳቸውን ልጆች ውሃ ወረፋ ላይ ብቻ ነው የማገኛቸው። ጨው ብርቅ ሆነ። ባለሱቋ ጎረቤታችን ደብቃ ካስቀመጠችው ላይ በቡና ሲኒ እየሰፈረች ታቀምሰን ነበር።

በዚህ ሁሉ መሃል እናቴ ደስተኛ ነበረች። ሌላ ቃል የለኝም። ፊቷ ሞላ፣ አረማመዷ ቀለለ። ልጁ የት ነው ለሚላት መልሱ ከአፏ አይጠፋም። ተያራው አዲስ አበባ አወረደው፤ አዲስ አበባ እህቷ አለች፤ እህቷ ቤት ገብቷል፤ መንገዱ ስለተዘጋ ነው ያልመጣው። ምን ይወጣለታል? መንገዱ በእርግጥም ተዘግቷል። ስልኩ በእርግጥም ተቋርጧል። ለስህተታችን ጦርነቱ ራሱ ምስክር ቆመለት። ደኅና ጊዜ ቢሆን በሳምንት የሚጋለጠው ነገር ታቦት እንደ ተሸከመ ሰው ተከብሮ በመሃላችን ሲመላለስ ከረመ።

ከአባ ጋር ስለ እሱ መጨቃጨቅ ሥራቸው ሆነ።

«የእህትሽ ወጥ ጨው ይበዛበታል፤ ልጁ ይከሳል» ይላሉ አባ።

«ጨው!» ትላለች እማ። «ጨው ያለበት አገር ነው ያለው፣ ይብዛበት!»

ተዋጊ ተያራ በላያችን ሲያልፍ ከተማው እንዳለ ይጠፋል። ሰው አልጋ ሥር፣ ቦይ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ይገባል። እማ ግን ግቢው መሃል ቆማ አንጋጣ ታያለች። አባ ከበሩ ሥር ሆነው «ግቢ! ነግሬሻለሁ፣ ያችኛዋ ሌላ ናት!» ብለው ይጮኻሉ።

«ሌላ መሆኗን አውቃለሁ» ትላለች። «ዘመዷ አይደለች?»

ሳቅን። በዚያ ዘመን ከልባችን የሳቅነው በዚህ ነበር።

ቃሉን የሰማሁት ውሃ ወረፋ ላይ ነው። ከየመን ተመልሶ የቀረ አንድ የሰፈራችን ወጣት አለ፤ ሴቶቹ ወረፋው እንዳይሰለቻቸው እያናገሩት ነበር።

«ጀልባው እስከ ዳር አያደርሳችሁም?» አለችው አንዷ።

«የት አባቱ! ወታደር ያየናል ብለው ሩቅ ላይ ውረዱ ይሏችኋል። አልወርድም ያለውን ይገፉታል። ዳሩ ይታያል፣ ሰው እንኳ ይታያል። ማዕበል የለ፣ ምን የለ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ያኔ ነው ተያር የሚወስደው።»

«ምን አልክ?» አልኩት።

«ተያር።»

«ተያራ?»

ሳቀብኝ። «ኧረ ቲቸር፣ ተያራማ የሚበረው ነው! ተያር፣ ከሥር የሚጎትተው። ዐረቦቹ ናቸው እንደዚያ የሚሉት። ዋና የማያውቀው ጀሪካን አቅፎ ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱ ይተርፋል። ዋና የሚያውቀው ነው የሚያልቀው። ዳሩን አይቶ ቀጥ ብሎ ይታገለዋል። ተያርን በጎን ነው የምታመልጪው፣ ፊት ለፊት አትችይውም።»

ጀሪካኔ ሞልቶ ይፈሳል። ከኋላዬ ያሉት «አንሺ እንጂ፣ ውሃውን ጨረስሽው!» እያሉ ይጮኹብኛል። ወንድሜ ሙሉ ወንዝ ቀጥ ብሎ ሲሻገር ታየኝ። አንስቼ ሄድኩ፤ ጀሪካኑን እንዴት ቤት እንዳደረስኩት አላስታውስም።

አባን ሽንኩርቱ መሬት ላይ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። የደወለውን ልጅ ቃል አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። «አብሽሩ አለኝ። ሶብር አድርጉ አለኝ። የአላህ ውሳኔ ነው አለኝ።»  ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

«ቁርአን ውስጥ ማዕበል መውጅ ነው። መውጅ ቢለኝ እኮ ይገባኝ ነበር! ተያር የሚባል ነገር በኪታብ አላውቅም።»

«ባህሩ ውስጥ ግን አለ፣ አባ» አልኳቸው።

«አንቺ ከልጁ አፍ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«እኔም ያን ቀን ድምፁ እየተቆራረጠ ነው የሰማሁት። ር ይበል ራ ይበል አላህ ነው የሚያውቀው። በአንድ ፊደል ሰው አይገደልም። ኔትወርክ ይምጣና ልጁ በገዛ አንደበቱ ይንገረን። እስከዚያ እናትሽ አትስማ።»

ተናደድኩባቸው። ከልጁ ቤተሰብ እንዳልጠይቅ ሲሪንቃን ለቀው ሸሽተዋል፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ማስረጃዬ ውሃ ወረፋ ላይ የሰማሁት ወሬ ብቻ ነበር። ሽማግሌ ልሰብስብ ብል ሽማግሌው ተበትኗል፤ ቢሰበሰብስ ‹ር ሳትሆን አትቀርም› ተብሎ መርዶ ይነገራል እንዴ? ለእማ ሳልነግራት ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እማ ትስቃለች፤ እኔና አባ ሳቋን እንፈራለን። አባ ስለ እህቷ ወጥ መጨቃጨቅ ተዉ። «አንቱ ምን ነካዎት? ልጅዎን ረሱት እንዴ?» ስትላቸው «ደክሞኝ ነው» ይላሉ። ሰው ሁሉ መንገዱ እንዲከፈት ሲጸልይ፣ ሁሉም የቀረበት ዘመድ፣ የቀረበት መድኃኒት፣ የቀረበት ሸቀጥ ሲናፍቀው፣ እኔ እንዳይከፈት እመኝ ነበር። አላፍርበትም። መንገዱ እስከተዘጋ ድረስ ወንድሜ አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት፣ ጨው የበዛበት ወጥ እየበላ ነው። በጥይት የሞተ ሰው ይቀበራል፤ የኛን ልጅ የሚገድለው ግን የመንገዱ መከፈት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ተከፈተ። ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ፣ መኪና ገባ፣ ሰው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። እማ ከሁሉ በፊት ገበያ ሄዳ የእንሶስላ ሥር ፈልጋ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ለሠርግና ለዒድ ካልሆነ አትሞቅም። ሥሩን ወቅጣ እጇንና እግሯን ሞቀች፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ አደረች። ጠዋት ስትፈታው መዳፏ፣ ጥፍሯ፣ ውስጥ እግሯ ቀልቷል።

«ደማቅ ወጣልኝ፣ አይደል?» ብላ አሳየችኝ።

«ደማቅ ነው» አልኳት።

መንገድ ዳር ሄዳ ከደሴ በኩል የሚመጣውን አውቶብስ ሁሉ ስትጠብቅ ዋለች። የሚወርደውን ሁሉ በቀላ እጇ አቅፋ እየሳመች እንኳን አገባህ ትላለች። ማታ ስትመለስ «ዛሬ ሰው በዝቶ ነው፤ ነገ ነው የሚመጣው» አለች። በማግሥቱም ሄደች። አባ እግራቸውን ታመምኩ ብለው ከቤት አልወጡም፤ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል።

ኔትወርኩ ሲመለስ ስልኩ ቤት ለቤት ይጮህ ጀመር። ከአንዱ ቤት እልልታ፣ ከአንዱ ቤት ኡኡታ። እማ ድምፁን ስትሰማ ከመንገድ ዳር ሮጣ መጣች። የአባ ስልክ የጠራው እሷ በሩን ስታልፍ ነው። ከእጃቸው ነጠቀቻቸውና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ልጁ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ የኔ ጌታ! አንተም መጣህ?»

«አልመጣሁም፣ እማ። እዚሁ የመን ነኝ። እናንተ እንዴት ናችሁ? ስንቴ ሞከርኩላችሁ መሰለሽ። ሰላተል ጋኢቡን ሰገዳችሁለት?»

ሰላተል ጋኢብ አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገድ የጀናዛ ሶላት ነው።

«ለማን?» አለች እማ።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «እማ» አለ በመጨረሻ፣ «ለአባ ነግሬያቸው ነበርኮ። ተያር ወሰደው ብዬ።»

«አዎ። ተያራ ወሰደው።»

«ተያራ አይደለም፣ እማ። ባህሩ ነው። አጠገቤ ነበር። ዳሩን አይቶ ዋኘ…»

ማልቀስ ጀመረ። እማ ወደ እኛ ዞረች። እኔን አየችኝ፣ አባን አየቻቸው። አልጮኽንም፤ ፊታችን ላይ ድንጋጤ እንደሌለ አየች። ስልኩን ቀስ ብላ አባ ጭን ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

መስጊድ ተሰግዶለት ሰው ሊያጽናናን ለተዕዚያ መጣ። ያን ጊዜ የፍየሏን ሥጋ የበሉት፣ በሰላም ያግባልሽ ያሉት ሰዎች ናቸው የመጡት። እማ ጥጓን ይዛ እጇን ከሻርፗ ሥር ደብቃ ተቀመጠች። መርዶው የተሰማ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ሄዳ እጇን በአመድ ስትፈትግ አይቻታለሁ፤ በሎሚ ሞከረች፣ በአሸዋ ሞከረች፣ ቆዳዋ ተላጠ። እንሶስላ በመታጠብ አይወጣም። መዳፉ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ጥፍሩ ግን አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ ይቆያል።

ሴቶቹ አዩት። እንዴት አያዩት፣ እጅ እየጨበጡ ነው የሚያጽናኑት! «የልጇ ሐዘን ላይ እንሶስላ!» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ለምን እንደሞቀች የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ አውቀው ነው የሚያሙት። ባለሱቋ ጎረቤታችን ብቻ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ተቀምጣ ሰው ሊጨብጣት ሲመጣ የራሷን ነጠላ በእጇ ላይ ጣል ታደርግላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የተከበሩ አሮጊት፣ ሐጅ አድርገው የመጡ፣ መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። አላህ ይርሐመው አሉ፣ ሸሂድ ነው አሉ፣ ውሃ የወሰደው ሰው ሰማዕት ነው ብለው አጽናኗት። ዓይናቸው ግን ከነጠላው ሥር ብቅ ያለው ቀይ ጥፍር ላይ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ «ሐዘንተኛ እንዲህ አያምርባትም። ሰው ያይሻል። እጅሽን ሸፈን አድርጊው።»

እማ ነጠላውን ገፋችው። ሁለቱንም እጇን አውጥታ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪያየው ድረስ ዘረጋችው።

«አልሸፍንም» አለች። «እዩት። እሱ ውሃ ውስጥ ነበር፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።»